ከኋላ ለሚመጣው ሰው

የሆዳንን ሞት የነገረችኝ ልጇ አያን ናት። ድሬዳዋ፣ በምሠራበት ጋራዥ ውስጥ የአንድ ሚኒባስ ዳሽቦርድ ፈትቼ ገመዱ መሐል ተቀብሬ ሳለ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የሆዳን ነበር። ደስ ብሎኝ አነሳሁና እንደ ልማዴ፣ «አባዮ፣ ደግሞ ምን ተቃጠለብሽ?» አልኩ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ እንደማለት ነው፤ ከተዋወቅን ጀምሮ የምጠራት እንደዚያ ነው። 

«አያን ነኝ፣ አዴር» አለች ልጅቷ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «እናቴ ትናንት አረፈች። ትናንትናውኑ ቀበርናት። ላንተ ሳልነግርህ ከሰው እንዳትሰማ ብዬ ነው።»

ምን ብዬ እንዳጽናናኋት አላስታውስም። የሚኒባሱ ባለቤት አጠገቤ ቆሞ «ዛሬ ያልቃል?» ሲለኝ ፒንሳውን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ «ዛሬ አልችልም» ማለቴን ብቻ አስታውሳለሁ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጅጅጋ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ሆዳን ጋራዣችን ውስጥ መጀመሪያ የገባችበትን ቀን ነበር።

ያኔ ጅጅጋ ውስጥ፣ ከከተማው ወደ ደገሀቡር መውጫ ላይ፣ ሐጂ ኑር የሚባሉ ሰው ጋራዥ ነበራቸው። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬ ዓመታት ኖሬያለሁ። ሚሌኒየሙ አልፎ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው፤ አንድ ጠዋት ረጅም፣ ቀጭን ሴት፣ ጥቁር ጅልባቧን እየሰበሰበች በበሩ ገባች። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ሠራተኛው ሁሉ የሚሸጥ ነገር ይዛ የመጣች መስሎት ዝም ብሎ ያያታል።

«መብራት የሚሠራው የትኛው ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ስምህ ማነው?»

«ሰሎሞን።»

«ሱለይማን» አለች፣ ስህተት እንደሚያርም አስተማሪ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም።

ከፌስታሉ ውስጥ የጭነት መኪና የኋላ መብራት አወጣች። ቀዩ ፕላስቲክ ጫፉ ተሰብሯል፤ ከኋላው የተቆረጠ ገመድ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና፣ «ይሄ ለምን እንዳልበራ ንገረኝ» አለች።

«ይሄንን ከማሠራት አዲሱን ብትገዢ ይሻልሻል» አልኳት።

«አይሠራ። ለምን እንዳልበራ ነው የጠየቅኩህ።»

ሐጂ ኑር ከኋላዬ መጥተው በጆሮዬ «የፋራህ ሚስት ናት» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ፋራህ በጅጅጋና በደገሀቡር መሐል በአሮጌ ጭነት መኪናው ሽንኩርትና ስኳር የሚያመላልስ፣ በጋራዣችንም የሚታወቅ ሹፌር ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ፀሐይ ገብታ የመግሪብ ሰላት ሲደርስ፣ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበት። መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ። ወደ ኋላ ዞሮ ሳለ አንድ ፒክአፕ መጥቶ ከራሱ መኪና ጋር አጣበቀው። እዚያው አለፈ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል።

መብራቱን በካቻቢቴ ፈታሁት። አምፖሉን ነቅዬ ወደ ብርሃን ሳደርገው ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳለች። ሴትዮዋ ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም።

«ምናልባት በግጭቱ ጊዜ ተበጥሶ ይሆናል» አልኩ።

«ምናልባት አትበለኝ። አይተኸዋል።»

እንደገና አየሁት። የመስታወቱ ውስጥ ጠቁሯል፤ የተሰካበት ቦታም አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ሐጂ ኑር ወደ ጎን ዞሩ።

«ከግጭቱ በፊት የተቃጠለ ነው» አልኳት። «መቼ እንደሆነ አላውቅም። ሳምንትም ሊሆነው ይችላል፣ ወርም።»

«የግራውስ?»

«የግራው ካልተገኘ ምንም ማለት አልችልም።»

«የግራው ዱቄት ሆኗል» አለች። አምፖሉን ከእጄ ወስዳ ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ አየችው። «ይቺ ናት? ከፀጉር ትቀጥናለች።» ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። «ከመሞቱ በፊት ጭነት ሲጭኑ ከኋላ ቆሜ ነበር። ከዚህ መብራት ጋር ፊት ለፊት ቆሜ ከሰዎች ጋር አወራለሁ። ቀና ብዬ አላየሁትም።»

«ማንም አያየውም» አልኳት። «ሹፌሩም ፊት ለፊቱን ነው የሚያየው።»

ሻይ አስመጣንላት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ እንደያዘች ሻዩ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ። ለመሄድ ስትነሳ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ፣ «የማይበጠስ አምፖል የለም?»

አለ አልኳት። ሽቦ የሌለው፣ ትንንሽ ነጥብ መብራቶች የተደረደሩበት፣ ኤል ኢ ዲ የሚሉት ከጅቡቲ በሚመጡ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ማየት ጀምረን ነበር። መንገዱ ቢያንገጫግጨውም የሚበጠስ ነገር የለውም። ለአሮጌ መኪና የሚሆን፣ በድሮው አምፖል ቦታ የሚሰካም መጥቷል ሲባል ሰምቻለሁ። «የት?» አለች። «ቶጎ ውጫሌ ሳይኖር አይቀርም» አልኳት። የጠረፉን ገበያ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለች፤ ከዚያ ልብስ እያመጣች ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። የተቃጠለውን አምፖል በፌስታሉ ይዛ ሄደች።

የምትመለስ አልመሰለኝም ነበር። ሐዘን ሰውን ብዙ ያናግረዋል ብዬ ነው ያሰብኩት። ሆዳን ግን በሳምንቱ አካባቢ አንድ ካርቶን ሙሉ አምፖል አስጭና መጣች። ልብሱን ትታዋለች። ሐጂ ኑርን የጋራዡ በር ጥግ ላይ ቦታ ለምና፣ የምታውቃቸውን ሹፌሮች ሁሉ፣ የፋራህን ጓደኞች፣ እየጠራች አምፖል ስታስቀይር ዋለች። ገጣሚው እኔ ነኝ። ሹፌሮቹ ለእሷ ሲሉ እሺ አሉ።

ብዙም ሳይቆይ እየተቆጡ መመለስ ጀመሩ። አንዱ መብራቱ አንድ ቀን በርቶ ጠፋ። የሌላው ጨርሶ ቀለጠ። ከደገሀቡር ከብት የሚያመጣ አንድ ሽማግሌ ሹፌር መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ፣ «ልጄ፣ ፍሬቻዬ እንደፈራ ሰው ልብ ይመታል። ለመታጠፍ ስነካው ኋላዬ ያለው ሰው ግራ ይጋባል» አላት። በዙሪያው የቆመው ሁሉ ሳቀ። ሆዳን አልሳቀችም። እኔን ዞራ አየችኝ።

እኔም ያኔ ለነገሩ አዲስ ነበርኩ። ያመጣችው አምፖል ለትንሽ መኪና ባትሪ የሚሆን ነው፤ የጭነቶቹ ባትሪ ደግሞ እጥፉ ነው፤ ስለዚህ ይቃጠላል። ፍሬቻው የሚጣደፈው ደግሞ አዲሱ አምፖል የሚስበው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ብልጭ ድርግም የምታደርገው ዕቃ አምፖል የጎደለ እየመሰላት ነው። እሷን በአዲስ መቀየር ወይም መሐል ላይ ሌላ ኃይል የሚበላ ነገር ማሰር ያስፈልጋል። ይህን ቀስ በቀስ፣ እየተሳሳትን፣ አብረን ነው የተማርነው። አንድ ጊዜ ያሰርኳትን ያቺን ኃይል የምትበላ ቁራጭ ሆዳን በጣቷ ነካችና እጇን በጩኸት ሳበች። እንደ ምጣድ ትግላለች። «እንዲህ እየጋለች ፕላስቲክ ላይ አስረሃታል? መኪናውን ልታቃጥልበት ነው?» አለችኝ። ፈታኋትና ብረቱ ላይ አሰርኳት።

ስትናደድ አማርኛዋ ይቀላቀልባታል። እኔን «አንቺ» ትለኛለች፤ አጠገቧ ያለችውን ሻይ ሻጭ ደግሞ «አንተ»። ሰው ሲስቅባት መጀመሪያ ትኮሳተርና ከዚያ ራሷ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። የፊት ጥርሷ አንዱ ሰበር ስላለ ይሁን ከልማድ አላውቅም፣ አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ቀልጠው የተመለሱትን አምፖሎች ዋጋ ለሹፌሮቹ መልሳ እንደገና ቶጎ ውጫሌ ወረደች። በዚህኛው ዙር ትክክለኛውን አመጣች። ከዚያ በኋላ መብራት ስገጥም ቆማ ማየት ጀመረች፤ ቀጥሎ ካቻቢቴ ማቀበል፤ ቀጥሎ፣ «አንተ ለምሳ ስትሄድ ሰው ይጠብቃል፤ አሳየኝና እኔ ልሥራው» አለች። ሐጂ ኑር በሐሳቡ አልተደሰቱም። ሴት ልጅ መኪና ሥር ስትገባ ማን አይቶ ያውቃል? እሷ ግን ጅልባቧን በወገቧ ሸብ አድርጋ፣ ከሥሩ የፋራህን ሱሪ ለብሳ፣ በባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ሥራ ጀመረች። እጇ ትዕግሥተኛ ነበር። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ ፍቃ መዳቡ እስኪያበራ አታቆምም። ገመዱን በናስትሮ ስትጠቀልል የቁስል ፋሻ የምታስር ትመስላለች። ከቀይ ፕላስቲክ ኋላ ነጭ አምፖል ሲገባ መብራቱ እንደሚደበዝዝ ከእኔ ቀድማ ያስተዋለችው እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ለኋላ ቀይ ብቻ ታመጣለች።

ሥራዋን ጨርሳ እንደሌሎቻችን «በርቷል፣ ሂድ» አትልም። ሹፌሩን ፍሬን አስረግጣ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ከጋራዡ በር ወጥታ፣ አስፋልቱን ተሻግራ፣ ማዶ ካለው ግንብ ሥር ቁጢጥ ብላ በትንሽ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው በሚያይበት ቁመት ታያለች። ፀሐይ ከበዛ ተመልሳ መብራቱን ከላይ በሻሽዋ ከልላ እንደገና ትሄዳለች። ሹፌሮች ይሰለቹ ነበር። አንዱ፣ «መብራቱ እኮ ይበራል፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲላት፣ «የፊቱ ላንተ ነው፣ እንደፈለግክ አድርገው። የኋላው ያንተ አይደለም፤ ከኋላ ለሚመጣው ሰው ነው። እኔ ደግሞ ያ ሰው ነኝ» አለችው። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ስትለው ሰምቻለሁ። ሹፌሮቹም በኋላ በኋላ ሲያዩዋት «ከኋላ የሚመጣው ሰው መጣች» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ያልቀለደው የባሏ ወንድም ነበር። አንድ ቀን ከሁለት ዘመዶቹ ጋር መጥቶ ጋራዡ መሐል ቆመ። «የወንድሜ ሚስት ግሪስ ስትቀባ ሰው እየሳቀብን ነው። ቤት ተቀመጪ፣ የሚያስፈልግሽን እኛ እናመጣለን» አላት። ሆዳን ከጀሪካኑ ላይ ሳትነሳ ሰማችው። «የሚያስፈልገኝን ታመጣለህ?» አለችው። «አዎ» አለ። «እንግዲያ ፋራህን አምጣልኝ» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ሰውዬው ዘመዶቹን ይዞ ሄደ። ሆዳን ቀኑን ሙሉ ቀና አላለችም። ሲመሽ እጇን ስትታጠብ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና እንዳላየ አለፍኩ።

ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። ስለ ፋራህ አታወራም ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ ሻይ እየጠጣን፣ «መብራቱ እንደማይሠራ ያውቅ ነበር ብለህ ታስባለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላውቅም» አልኳት። «እኔ ያውቅ ነበር እላለሁ። አውቆ ነገ እሠራዋለሁ እያለ ነው። ሁሉን ነገር ነገ የሚል ሰው ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ቁጣ ነው። የሞተ ሰው ላይ እንደዚያ የሚቆጣ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሰላት መልስ፣ አንድ አሮጌ ነጭ ፒክአፕ ጋራዡ ገባ። ሹፌሩ አጭር ነው፤ ገና በጉልምስናው ጢሙ ሸብቷል። ወርዶ ሰላም ሊለኝ እጁን ዘርግቶ ሳለ ከኋላዬ ሆዳንን አየና እጁ እዚያው ቀረ። ሆዳንም ቆመች። ሰውዬው ሻፊ ይባላል። ፋራህን የገጨው እሱ ነው። ጉዳዩ በጎሳ ሽማግሌዎች ያለቀ ነበር፤ እኔ መልኩን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። የተነጋገሩት በሶማሊኛ ነው፤ እኔ አሳምሬ ባልናገርም እሰማለሁ።

«እዚህ እንደምትሠሪ አላወቅኩም ነበር» አለና ወደ መኪናው በር ዞረ። «ሌላ ጋራዥ እሄዳለሁ።»

«ምንህ ነው የተበላሸው?»

«የኋላ መብራት ነው። የቀኙ አይበራም። የግራው አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል።»

ሆዳን ዞራ የመኪናውን ኋላ አየች። «እንግዲያ እንዲህ ሆነህ ወዴት ነው የምትሄደው? ቁም» አለችው።

እኔ ልሥራው አልኳት። እሷ ግን ጀሪካኗን ይዛ ከመኪናው ኋላ ተቀመጠች። ስትሠራ ሁልጊዜ ታወራለች፤ አምፖሉን ትሰድባለች፣ ዝገቱን ትረግማለች፣ ከሻይ ሻጯ ጋር በሩቅ ትነጋገራለች። ያን ቀን አንድ ቃል አልወጣትም። የቀኙን ፈታች፣ ፋቀች፣ ገጠመች። በግራው በኩል የላላው ማሳ የምንለው፣ መብራቱን ከቦዲው ጋር የሚያያዘው ገመድ ነበር፤ ቆርጣ አዲስ አሰረች። ሻፊ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጥፋት ሠርቶ እንደተጠራ ተማሪ ቆሟል።

ስትጨርስ፣ «ሱለይማን፣ ግባና ፍሬን ርገጥ» አለችኝ። ገብቼ ረገጥኩ። ሁሌ እሷ ናት ወደ ኋላ የምትሄደው፤ ያን ቀን ግን እሱን፣ «አንተ ሂድ» አለችው። እሱ እየራቀ እሷ ከመኪናው አጠገብ ቆማ ትጠይቀዋለች።

«ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«ወደ ኋላ ሂድ። አሁንስ?»

«ይታየኛል።»

በመስታወት አያቸዋለሁ። አስፋልቱን ተሻግሮ ግንቡ ጋ እስኪደርስ ወሰደችው። ከዚያ በእጇ ጠራችው፤ ተመለሰ። ከጎኗ ደርሶ ሲቆም፣ በተከፈተው መስኮት ድምፅዋ ተሰማኝ።

«ያን ቀን ምን አየህ?»

እግሬን ከፍሬኑ ላይ ላንሳ ወይስ ልተው ግራ ገባኝ። እንደረገጥኩ ቀረሁ።

«መኪናውን አላየሁም» አለ ሻፊ። «አላህ ምስክሬ ነው፣ መንገዱ ባዶ ነበር የመሰለኝ። መጀመሪያ ያየሁት ድንጋይ ነው። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አየሁ። ከዚያ እሱን አየሁት። ጎንበስ ብሎ ሌላ ድንጋይ ሊያስቀምጥ ነበር። ቀና አለና እጁን አነሳልኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የለም።»

«ድንጋይ ይደረድር ነበር?»

«አዎ።»

«ሰው እንዳይመታው?»

«ከኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያይ ነዋ። እኔ ነኝ የደረስኩበት።»

«ይሄን ሽማግሌዎቹ ፊት ለምን አልተናገርክም?»

«ተናግሬያለሁ። አንቺ ከሴቶቹ ጋር በሌላኛው ቤት ነበርሽ።»

«ማንም አልነገረኝም» አለች ሆዳን። ደጋግማ አለችው። «ማንም አልነገረኝም።»

ሻፊ አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅር በይኝ» አላት። ሆዳን መሣሪያዎቿን ሰበሰበች። ፒንሳውን፣ ናስትሮውን፣ የተረፈውን ገመድ አንድ በአንድ ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተተች። «ማሳው ከላላ ተመለስ» አለችውና ወጥታ ሄደች። ክፍያ ሊሰጠኝ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ምን እንደማደርግ ቸግሮኝ «ሂድ፣ ሂድ» አልኩት።

ሆዳን ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት አልመጣችም። ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ጀሪካኗን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ሥራዬን እንድተው ሳትጠይቀኝ፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ተቆጥቼዋለሁ፣ ሱለይማን» አለች። «ስተኛ ስነሳ የነገ ሰው ነበር እያልኩ። እሱ ለካ ድንጋይ ይሸከም ነበር።» ሌላ አልጨመረችም። በዚያው ሳምንት አያንን ይዛ ወደ ፋራህ መቃብር ሄደች፤ ከቀብሩ ወዲህ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሻፊ አልፎ አልፎ ይመጣል። ማሳው ላላ ይላል። ሆዳን ታያለች፤ የላላ ነገር የለም። እኔም አያለሁ። ቢሆንም ብሎኑን አጥብቃ፣ ፍሬን አስረግጣ፣ ማዶ ተሻግራ አይታ ትሸኘዋለች። ተቀመጥ ብላው አታውቅም፤ አትምጣ ብላውም አታውቅም። ከሄደ በኋላ ስለ እሱ አንድ ቃል አታነሳም። እኔም አልጠየቅኳትም።

አባቴ ታሞ ድሬዳዋ ለመመለስ የወሰንኩ ጊዜ ልትሸኘኝ መናኸሪያ መጣች። ዕቃዬን አውቶቡሱ ላይ ስጭን ጠፋችብኝ። ስፈልጋት ከአውቶቡሱ ኋላ ከሹፌሩ ጋር ስትከራከር አገኘኋት። የቀኝ ፍሬን መብራቱ አይበራም። ሹፌሩ ተሳፋሪ ሞልቷል፣ ሐረር ስደርስ አሠራዋለሁ ይላል። ሆዳን፣ «ወንድሜ እዚህ ውስጥ ነው የሚሄደው» አለችውና ከቦርሳዋ አምፖል አወጣች። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ወርዶ መሳደብ ጀመረ። እሷ ምንም እንዳልሰማች ገጠመችው። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ወደ ኋላ አየሁ። እጇን አላወዛወዘችም። መንገዱ ላይ ቁጢጥ ብላ መብራቱን እያየች ነበር።

ከዚያ በኋላ የምንገናኘው በስልክ ነው። አዲስ ዓይነት አምፖል ሲገጥማት ትደውላለች፤ እኔም እደውላለሁ። መታመሟን ግን አልነገረችኝም። በመጨረሻዎቹ ወራት ድምፅዋ ሲቀጥን ስጠይቃት «ጉንፋን ነው» ትለኝ ነበር።

ጅጅጋ ስደርስ ቤቷ ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከመሐላቸው የማላውቃቸው ብዙ ሹፌሮች ነበሩ። አያንን ውስጥ ገብቼ አጽናናኋት። አያን አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ጉበቷን ያማት እንደነበርና ለሰው እንዳይነገር እንዳስማለቻት ነገረችኝ።

«ሐኪሞቹ ሐረር ትሂድ ሲሉን ዘመዶቻችን ጥሩ ጥሩ መኪና ይዘው መጥተው ነበር» አለችኝ። «እሷ ግን ሻፊን ጥሩልኝ አለች። የምትቃዥ መስሎኝ እንደገና ጠየቅኳት። ሻፊን ጥሩልኝ አለች። ለምን እሱን ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከኋላ አስተኛናት፤ የካራማራን ዳገት ስንወጣ እንዳያንገጫግጫት ቀስ ብሎ ስለሚነዳ በእግር የሚሄድ ሰው ነው የሚቀድመን። መንገዱን ሙሉ አላናገረችውም፣ አዴር። እሱም አላናገራትም። ሐረር ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መኪናው ውስጥ እያደረ ጠበቀን። ተስፋ የለውም ሲሉን መልሶ ያመጣት እሱ ነው።»

ወደ ድንኳኑ ተመልሼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሻፊ ከወዲያ ጥግ አየኝና ተነስቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጢሙ ጨርሶ ነጭ ሆኗል። ቁርዓን ሲቀራ አብረን ሰማን። ከዚያ ሳያየኝ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ በአማርኛ ጠየቀኝ።

«ካንተ ጋር ብዙ ዓመት ተቀምጣለች። ስለ እኔ ያለችህ ነገር አለ?»

ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። አንድ ትንሽ ቃል ብፈጥርለት ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም፤ እሱም ያችን ቃል ይዞ ዕድሜውን ይጨርሳል። አሰብኩበት። ሆዳን ያላለችውን በሆዳን አፍ መናገር ግን አልቻልኩም።

«የለም፣ ሻፊ» አልኩት። «አንድም ቀን ስምህን አንስታ አታውቅም።»

«በክፉም?»

«በክፉም።»

ራሱን ነቀነቀ።  ከደገሀቡር የመጡ ለቅሶኞች ከአንድ መኪና ወርደው ወደ ድንኳኑ ሲገቡ አየ። ምሳ ቀርቦ ነበር። ሻፊ ተነሳ፤ ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን ከበሩ ሥር አነሳና ከመሐላቸው በዕድሜ ከሚበልጡት ሽማግሌ ጀምሮ፣ ጎንበስ እያለ፣ ለእያንዳንዳቸው እጅ ማስታጠብ ጀመረ።